ጋሼ ወረቀትና የእናቴ ሁለት ኪኒኖች

አንድ ሕንፃ ሊፍት ሊያጣ ይችላል፤ ወረቀት አንባቢ ግን አያጣም። ወረቀት አንባቢ ማለት የመድኃኒት ካርቶን ሲከፈት ኪኒኑን ትቶ፣ ተጣጥፋ የተቀመጠችውን ያቺን ስስ ወረቀት አውጥቶ ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ፍጡር ነው። እኛ ሕንፃ ሊፍት የለም። ክቡር ጋሼ ወረቀት ግን አንደኛ ፎቅ ላይ አሉ።

ክቡርነታቸው ሠላሳ አራት ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጡት እሳቸው ናቸው እንጂ ዓይናቸው አይደለም። በደረት ኪሳቸው አጉሊ መነጽርና ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ይዞራሉ፤ የሳሙና ልባስ፣ የአውቶቡስ ትኬት ጀርባ፣ የቀለም ቆርቆሮ ግርጌ፣ ምንም አይቀራቸውም። መድኃኒት የያዘ ሰው ካዩማ ሰላምታቸው አንድ ብቻ ነው፦ «ወረቀቱስ የታለ?»

አንድ ቀን ዘበኛችን ራሱን አሞት ኪኒን ሊውጥ ሲል ደረሱበት።

«ቁርስ በልተሃል?»

«ጋሼ፣ ራሴን እኮ ነው ያመመኝ፣ ሆዴን አይደለም።»

«ኪኒኑ የሚያልፈው ግን በሆድህ ነው!»

ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሹፌር ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት፣ ቶሎ እንዲሻለው ብሎ ሁለት ሁለት ይውጥ ነበር። «አንድ የሚለው አንድ ነው» አሉት። «ማተሚያ ቤቱ ሁለት ብሎ ለመጻፍ ቀለም አላጠረውም!» እኔ ደግሞ ወገቤን አሞኝ ኪኒን ገዝቼ ስገባ ያዙኝና ወረቀቱን ጥዬዋለሁ ብላቸው፣ የሕንፃውን ቆሻሻ መጣያ አስገለበጡኝ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት በያዝኩ ቀን በራቸውን የማልፈው ጫማዬን አውልቄ ነው።

እናቴ አብራኝ አራተኛ ፎቅ ትኖራለች። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍታለች፤ የስፌት መኪናው ፔዳል ጉልበቷን፣ የጨርቅ መቀሱ ትከሻዋን በልቶታል። ከሁለት ፋርማሲ የተገዙ ሁለት ዓይነት ኪኒኖች ነበሯት። ቀዩ ካርቶን የጉልበት፣ ሰማያዊው የትከሻ። ከነካርቶናቸው በሁለት የልብስ ቁልፍ ቆርቆሮ ለይታ አስቀምጣ፣ የጉልበቱን ጠዋት በባዶ ሆድ ትውጣለች፤ ምግብ ካለ መንገድ ይዘጋበታል፣ እታች ድረስ አይወርድም ባይ ናት። የትከሻው ቅርብ ስለሆነ እስከ ቀትር ይቆያል። እኔ የተማርኩት ልጇ፣ ኪኒን የሚሄድበትን አድራሻ በምን ያውቃል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

በዚህ ዓይነት ሁለት ወር ሄደ። አንድ ረፋድ ላይ ከገበያ ስንመለስ እናቴ አንደኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። የማን በር እንደተከፈተ መናገር አያሻም።

«እትዬ፣ ምን መድኃኒት እየወሰዱ ነው?»

«የጉልበትና የትከሻ። ከደም ግፊቴ መድኃኒት ሌላ።»

«ወረቀቱስ የታለ?»

«ኧረ እርስዎ ሰውዬ! ሰው ትንፋሽ አጥሮት ወረቀት ይላሉ?»

ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። «አንተ፣ ሩጥ!» ሲሉኝ ሮጥኩ፤ ሁለቱንም ካርቶን አመጣሁ። አጉሊ መነጽራቸውን አወጡና ደረጃው ላይ ከእናቴ ጎን ተቀምጠው ያነቡ ጀመር።

«እነዚህ ሁለቱ ስማቸው ይለያይ እንጂ ወንድማማች ናቸው» አሉ። «ሁለቱም የመገጣጠሚያ እብጠትና ሕመም ማስታገሻ። ይኸው፣ ‹ከዚሁ ወገን ከሆነ ሌላ መድኃኒት ጋር አይወሰድ› ይላል። ‹ከምግብ ጋር ይወሰድ› ይላል። ‹የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ችግር ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።›» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወረቀቱ ነው የሚጠይቀው። ሰገራዎ ጠቁሯል?»

እናቴ ለእኔ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አትነግረኝም። አንገቷን ደፋች። «ሦስት ቀኑ። እንደ ሬንጅ ነው።»

ጋሼ ወረቀት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጽሑፍ ሳይጨርሱ አጣጠፉ። «ተነስ፣ መኪና ጥራ። ቀሪውን መንገድ ላይ አነበዋለሁ።»

የሆስፒታሉ ሐኪም፣ ጨጓራዋ ቆስሎ እየደማ ነው አለችን። ደም ተሰጣት፣ ቁስሉም ታከመ። «ለነገ ብትሉ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለችኝ። «ማን ነው የነቃው?» ወደ ኮሪደሩ ጠቆምኩ። ክቡርነታቸው የእሳት ማጥፊያውን መመሪያ እያነበቡ ነበር።

ሐኪሟ ሁለቱንም ኪኒኖች አስቆመች። ለሌላ ሰው ቢሆን፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ አንድ ዓይነት ብቻ፣ በትንሹ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ሊወሰድ ይችላል፤ ለእናቴ ግን ከእንግዲህ አይሆንም። ሌላ ማስታገሻ በልክ፣ ከዚያም የእግር ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ አዘዘችላት። ሐኪሟ በተናገረች ቁጥር ጋሼ ወረቀት ከጀርባዬ «ልክ ነው፣ ገጽ ሁለት» ይላሉ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ሦስት ወር አለፈ። ባለፈው እሑድ እናቴ ደገፍ ሳትል፣ አንድም ቦታ ሳትቀመጥ፣ ስድሳ አራቱንም ደረጃ ወረደች። ሹፌሩ ከሦስተኛ ፎቅ አጨበጨበ፤ ዘበኛው ከታች «በርቱ እናቴ!» እያለ ይቆጥርላታል። የመጨረሻውን ስትረግጥ ሕንፃው በእልልታ ተናጋ። እኔማ ሳላፍር አለቀስኩ።

ከዚያ ወደ አንደኛ ፎቅ ተመልሳ የጋሼ ወረቀትን በር አንኳኳችና በእጇ የሰፋችውን የአጉሊ መነጽር ማኅደር ሰጠቻቸው፤ ውስጡ ለስላሳ፣ ጠርዙ በቀይ ክር የተዘመዘመ። ገለበጡት፣ አገላበጡት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወረቀቱስ የታለ?»

«ውስጡ ነዋ!» አለች እናቴ።

እውነትም ተጣጥፋ የተቀመጠች ስስ ወረቀት አወጡ። እናቴ በደቃቅ ፊደል ጽፋበታለች፦ «አጠቃቀም፦ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በባዶ ሆድ፣ ለምሳ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይዘውት ይምጡ። ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር ቢወሰድም ጉዳት የለውም። ዕድሜ ልክ ይቀጥላል።»

ጋሼ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ደግመው አነበቡት። እጃቸው ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ሄደና መንገድ ላይ ቀረ።

«እርማት የለውም» አሉ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ።