የስኮትላንድ ሙዚቃ ከቡታጅራ ሬዲዮ እንዳይወርድ የተመከረበት ቃለ ጉባኤ

ፕሮግራሙ አይዘጋም! አይዘጋም ብያችኋለሁ! አቶ አስረስ «ቃለ ጉባኤ በቀን ይጀመራል እንጂ በእልልታ አይጀመርም» ብለው ቢቃወሙም፣ ሰብሳቢው «ይተዉአት፣ ጸሐፊዋ ደስ ብሏት ነው» ስላሉ እንዳለ ቀርቷል። ላልመጣችሁ አባላት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አሁን ወደ ሥርዓቱ።

ቀን፦ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቦታ፦ ቡታጅራ፣ የሀጂ ሙስተፋ የበርበሬ መጋዘን፤ የእድሩ አዳራሽ ሠርግ ስላለበት። ማን እንዳነጠሰ አልተመዘገበም፤ ሁሉም አነጥሷል።

የተሰበሰበው፦ «ከወዲያ ተራራ» የተሰኘው የስኮትላንድ ሙዚቃ ፕሮግራም አድማጮች ጊዜያዊ ኮሚቴ

የተገኙ አባላት፦
1. ሀጂ ሙስተፋ፣ የበርበሬ ነጋዴ፣ ሰብሳቢ
2. አቶ አስረስ፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ (ማንም አልመረጣቸውም)
3. ወ/ሮ ባሂራ፣ የቆጮ ነጋዴና የሠርግ ጭፈራ መሪ
4. አቶ ሰይዶ፣ የወልቂጤ መስመር ሚኒባስ ሹፌር
5. ብርቄ፣ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከዘጠኝ አባላት አምስት መገኘት አለባቸው። አቶ ሰይዶ መኪናቸው ደጅ ላይ እየጫነች ስለነበር አንድ እግራቸውን ከውስጥ፣ አንዱን ከውጭ አድርገው ተሳትፈዋል። አቶ አስረስ «እንግዲያው አራት ተኩል ነን» የሚል ተቃውሞ አቀረቡ። ሰብሳቢው ድምፅ የሚሰጠው በእጅ እንጂ በእግር አለመሆኑን ስላስረዱ፣ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ስብሰባው ከቀኑ 8፡20 ተጀምሯል።

አጀንዳ 1፦ የፕሮግራሙን መዘጋት በተመለከተ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ አቶ ገብረእግዚአብሔር መምህር ሳሉ ለትምህርት ስኮትላንድ ሄደው፣ አሥር ወር ቆይተው ሲመለሱ ያመጡት አንድ ሻንጣ ካሴት ብቻ ነበር። ያንን በከተማችን የማኅበረሰብ ሬዲዮ ዘወትር ሐሙስ በ10 ሰዓት ሲያሰሙን አሥራ አምስት ዓመት ሞላቸው። አሁን ጣቢያው «አድማጭ የለውም» ብሎ በደብዳቤ ሰርዞታል።

ወ/ሮ ባሂራ «አድማጭ የለውም» የሚለው ቃል እንዳንገበገባቸው ገለጹ። ያ በብብት ታቅፈው የሚነፉት የከረጢት ዋሽንት ሲጀምር የእኛ ጭፈራ ልክ እንደሚገጥምለት፣ ባለፈው ዓመት ብቻ ስድስት ሙሽሮችን በእሱ እንዳስገቡ ተናገሩ። አቶ ሰይዶም ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ሬዲዮ ያልከፈተ ሚኒባስ እንደማይሞላ መሰከሩ።

አቶ አስረስ ለስኮትላንድ ሕዝብ ደብዳቤ እንዲጻፍ፣ ግልባጩም ለከተማው አስተዳደር እንዲደርስ ሐሳብ አቀረቡ። አድራሻው የት ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ ደብዳቤ በቅድሚያ የሚፈልገው ቁጥርና ማኅተም መሆኑን፣ አድራሻ በሂደት እንደሚገኝ አብራሩ።

ሰብሳቢው ዋሽንቱ ከፍየል ቆዳ እንደሚሠራ ከፕሮግራሙ መስማታቸውን ጠቅሰው፣ አንድ ተሠርቶ በጣቢያው በር ላይ እንዲነፋ ጠየቁ። ማን ይንፋው በሚለው ላይ ክርክር አልተነሳም። ፍየሏ የማን ትሁን በሚለው ላይ ግን ሃያ አምስት ደቂቃ ተወያይተናል። ወ/ሮ ባሂራ «የእርስዎ ፍየል አለች አይደል፣ ሀጂ?» ሲሉ፣ ሰብሳቢው ፍየላቸው እርጉዝ መሆኗን ገልጸው ጉዳዩን ወደ ንዑስ ኮሚቴ መርተዋል።

ወ/ሮ ባሂራ በበኩላቸው ፕሮግራሙ እስኪመለስ ድረስ በየትኛውም ሠርግ ላይ እንዳይጨፈር ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ሰይዶ በሙሉ ልብ ከደገፉ በኋላ የታናሽ ወንድማቸው ሠርግ የፊታችን ቅዳሜ መሆኑ ትዝ ስላላቸው ድጋፋቸውን አነሱ።

«ሙሽራዋ በዝምታ ትግባ ነው የምትይው? ለቅሶ ነው እንዴ ባሂራ?»

«ወንድምህ ከሠርጉ በኋላ ዝም ማለቱ አይቀር፤ ቀድሞ ይልመደው!»

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል።
1.1 ለስኮትላንድ ሕዝብ ደብዳቤ ይጻፍ።
1.2 የሌላ ሰው ፍየል ይፈለግ።
1.3 በሠርግ ላይ አይጨፈር። አቶ ሰይዶ ቢያኮርፉም እጃቸውን ለማውጣት ዘግይተዋል።

አጀንዳ 2፦ ለአቶ ገብረእግዚአብሔር የስንብት ስጦታ

ሰብሳቢው ጋቢ፣ አቶ ሰይዶ ሬዲዮ ይሁን አሉ። ወ/ሮ ባሂራ «ሰውየውን ከሬዲዮ አስወጥተዋቸው አንተ ሬዲዮ ልትሰጣቸው? ምን ሊሰሙበት?» ሲሉ፣ አቶ ሰይዶ ዜናም እንዳለ አስታወሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣
2.1 ሆድ እንዳይብሳቸው ሬዲዮው ያለ ባትሪ እንዲሰጥ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል።

ከቀኑ 9፡40 ላይ ለስንብቱ ተጠርተው የነበሩት አቶ ገብረእግዚአብሔር ገቡ። እንዲህ ከስተው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ወንበር ቀርቦላቸው አልተቀመጡም። «ልፋታችሁን አመሰግናለሁ፤ ግን ጣቢያው አልተሳሳተም» አሉ። በስቱዲዮው መዝገብ የደዋይ ስምና አስተያየት የሚሞላበት ገጽ ዓመቱን ሙሉ ባዶ መሆኑን አስረዱ። ቀጥሎ የተናገሩት ቃል በቃል ተመዝግቧል።

«ይደወላል። ላነሳው ስል ይዘጋል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ላነሳው ስል ይዘጋል። መጀመሪያ የመስመር ችግር መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ። ሰዉ ሙዚቃው አስጠልቶት ሊቆጣኝ ይደውልና፣ ከማንሳቴ በፊት ያፍራል። ጨዋ ሰው ስለሆነ ነው።»

ካሴቶቹን በካርቶን አሽገው አልጋ ሥር እንዳስገቡ፣ ያሰለቹት ሰው እንዳያያቸውም በገበያው በኩል ማለፍ እንደተዉ ነገሩን። በዚህ ጊዜ ያነጠሰ የለም።

ከዚያ ወ/ሮ ባሂራ ብድግ አሉ።

«ጋሼ፣ የምዘጋው እኮ እኔ ነኝ!»

«ወላሂ እኔም ነኝ» አሉ ሰብሳቢው።

አቶ ሰይዶ ሁለተኛውን እግራቸውን አስገብተው እሳቸውም መሆናቸውን አመኑ። አቶ አስረስ ጉሮሯቸውን ጠርገው «በግሌ፣ አዎ» ብለዋል። ጸሐፊዋም እጇን አውጥታለች።

ለአቶ ገብረእግዚአብሔር የሚከተለው ማብራሪያ ተሰጠ። አንድ ሚስኮል «አማረልን» ማለት ነው። ሁለት ከሆነ «ይደገምልን» ነው። ሥራ ላይ ያለን ሰው በወሬ መያዝ ነውር ስለሆነ፣ ከቡታጅራ እስከ ቸሃ አድማጩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ታዲያ ይህን ለእሳቸው ማን ነገራቸው ተብሎ ሲጠየቅ፣ እያንዳንዱ አባል ሌላው የነገራቸው መስሎት መኖሩ ታወቀ። አቶ አስረስ መመሪያው በጽሑፍ ባለመውጣቱ የተፈጠረ ክፍተት ነው ብለዋል።

ወ/ሮ ባሂራ ግን አልተዋጠላቸውም። «ሁለቴ ስናደርግ ይደግሙልን አልነበር እንዴ?»

«የምደግመውማ» አሉ አቶ ገብረእግዚአብሔር፣ «የተናደደው ሰው ደግሞ ቢሰማው ይለምደው ይሆናል ብዬ ነው።»

ሰብሳቢው በሳቅ ትን ስላላቸው ውሃ እስኪመጣ ስብሰባው ለአምስት ደቂቃ ተቋርጧል። አቶ ገብረእግዚአብሔር አልሳቁም። ቆመው «ስንት ሰው ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

ስለዚህ ለጣቢያው ኃላፊ ለወ/ሪት ሀሴት ተደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁ ተከፈተ። ነገሩ ሲነገራቸው የስቱዲዮውን ስልክ አስመጥተው ያልተነሱ ጥሪዎችን መቁጠር ጀመሩ። ቆይተው «የባለፈው ሐሙስ ብቻ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት» አሉ። ዝርዝሩን መለስ ብለው አይተው ደግሞ «እምድብር ያለችው እናቴም አለችበት። አራት ጊዜ!» አሉ።

ወ/ሪት ሀሴት ፕሮግራሙን የሰረዙት መዝገቡ ባዶ ስለሆነባቸው እንደነበር ገልጸው፣ አሁን ግን የስረዛውን ደብዳቤ እንደሚቀዱት አስታወቁ። አቶ አስረስ መቀደዱ በስልክ እንዲሰማ ጠየቁ። ተቀደደ፤ ተሰማ።

አቶ ገብረእግዚአብሔር የበርበሬ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው ቁጥሩ እንዲደገምላቸው ለመኑ። «ሁለት መቶ አሥራ ሰባት» ተባለላቸው። ዓይናቸውን ጠረጉና፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «በርበሬው ነው» ተብሎ እንዲጻፍ አሳሰቡ። በርበሬው ነው።

ወ/ሪት ሀሴት አንድ ነገር አጥብቀው አሳሰቡ፤ ከእንግዲህ መዝገቡ ባዶ እንዳይሆን ሰው አፉን ከፍቶ ይናገር። ይህ ከባድ ተቃውሞ ገጠመው። ወ/ሮ ባሂራ «ስልኩን ቢያነሱትስ ምን ልበላቸው? እጄ ራሱ ይዘጋዋል!» አሉ። በስልክ የማይሆን ከሆነ በአካል ሄደን እንንገራቸው የሚለው የሰብሳቢው ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ማጠቃለያ ውሳኔ

ከ1.1 እስከ 2.1 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ደብዳቤው ቀርቷል፤ ቁጥር ስለወጣለት አቶ አስረስ የልዩነት ሐሳባቸውን አስመዝግበዋል። የማንም ፍየል አትነካም። በየሠርጉ ይጨፈራል፤ የአቶ ሰይዶ ወንድም ሠርግ ላይ በእጥፍ። የስንብት ስጦታ የለም፤ ስንብት የለምና።

ስብሰባው ከቀኑ 10፡45 ተበትኗል። የበተኑት ሰብሳቢው ሳይሆኑ፣ መኪናዋ ሞልታ ሲጠብቁ ሰልችቷቸው ክላክስ ያምባረቁት የአቶ ሰይዶ ተሳፋሪዎች ናቸው።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የደስታው ዝግጅት በጣቢያው ግቢ ነው። ቆጮና አይቤው ከወ/ሮ ባሂራ፣ ክትፎው ከሀጂ ቤት ይመጣል። አቶ ገብረእግዚአብሔር መዝገቡን ይዘው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳችን ስማችንን እንናገራለን፣ አስተያየታችንን ፊት ለፊት እንነግራቸዋለን፣ እሳቸውም በእጃቸው ይጽፉታል። የማርያም በዓል ቢሆንም ከንግሥ መልስ ይደረሳል፤ ምክንያት አልሰማም። ሐሙስ ጥር 21 ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሁላችሁም!