ያጠብኩት የጃፓን ቢላ

ለመሆኑ ቢላ ሳይቆርጡበት ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። ጫማ ቢሆን ይለኩታል፣ ሽቶ ቢሆን ያሸቱታል፣ ባል እንኳ ቢሆን ዘመድ ያጠያይቃል። ቢላ ግን ካልቆረጡበት ያው ብረት ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ከተዳርኩ በኋላ ነው።

ነገሌ ስመጣ የማውቀው ሰው ባሌን ብቻ ነበር፤ እሱንም ገና በደንብ አላውቀውም። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከጎጃም ሲዛወር እኔም ከጓዙ ጋር መኪና ላይ ተጫንኩ። የመጀመሪያ ልጄን ሁለት ቀን አምጬ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ሲያበቃ፣ ያዋለዱኝ ጎረቤታችን አዴ ሐሊማ ናቸው። እዚህ አገር አዴ የሚባሉት እንደ እናት የሚከበሩ ሴቶች ናቸው። ለእኔ ግን እንደ እናት አይደሉም፤ እናቴ ናቸው።

ለአረፋ ምን ልውሰድላቸው ብዬ ሳስብ ቢላቸው ትዝ አለኝ። በመሳል ብዛት አልቆ ማንኪያ አክሏል፤ ሥጋ ይቆርጣል ከማለት ያኝካል ማለት ይቀላል። ከሞያሌ ዕቃ የሚያመጣው ባለሱቅ ዘንድ ሄድኩና ሦስት ቢላ ደረደረልኝ። አንዱ መያዣው ያምራል፣ ብረቱ ግን በጣት ይታጠፋል። ሁለተኛው ለእንጨት ፈላጭ እንጂ ለሴት እጅ አልተሠራም። ሦስተኛው የጃፓን ነው፤ ቀጭን፣ ቀዝቃዛ፣ ብረቱ ላይ ጽሕፈት የተቀረጸበት። ማንበብ የጀመረ ሰው ያገኘውን ሁሉ ለማንበብ ይሞክራልና አፍጥጬ አየሁት። አንዱ ፊደል መሰላል ይመስላል፣ ሌላው በር የሌለው ጎጆ። ባለሱቁ የሠራው ቀጥቃጭ ስም ነው አለኝ። ደነገጥኩ። በእኛ አገር ቀጥቃጭ ሲሰደብ ይውላል እንጂ ስሙን ብረት ላይ የሚጽፍለት ማን ነው? ስሙን ያልደበቀ ሰው መጥፎ ቢላ አይሠራም ብዬ እሱን መረጥኩ።

ግን ሥጋቴ መች ይለቀኛል? ባለሱቁ ወረቀት ቆርጦ አሳየኝ፤ አዴ ሐሊማ ወረቀት አይከትፉም። እቤት ወስጄ ልሞክረው፣ ካልሆነ እመልሰዋለሁ ብዬው ተስማማን። ያን ቀን ባሌ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ሥጋ ገዝቶ ገብቶ ነበር። ሻኛውን ብቆርጠው እንደ ቅጠል ሳስቶ ወጣ። ጅማቱ እንኳ አልተግደረደረም። ደስ ብሎኝ ቢላውን በአመድ አሸሁ፣ በሙቅ ውሃ አጠብኩ፣ አዲስ እንዲመስል ወልውዬ በመጣበት ወረቀት ጠቀለልኩት።

በአረፋ ዕለት አዴ ሐሊማ ቤት ሄድኩ። ቢላ እጅ ለእጅ ሲቀባበሉት ያጣላል ይባላልና እኔ መሬት ላይ አስቀመጥኩት፣ እሳቸውም ከመሬት አነሱት። እንዳንጣላ ይህን ያህል ተጠንቅቀናል።

ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። አዴ ሐሊማ ወዲያው በአዲሱ ቢላ የበጉን ሥጋ ለሼኩና ለሽማግሌዎቹ ይቆራርጡ ጀመር። ለእኔ ግን ለብቻው የተከደነ ድስት ቀረበልኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሳትሰጊ ብዪ» አሉኝ። «ዶሮውን የባረከው የእናንተ ሰው ነው። ድስቱንም ቢላውንም ከክርስቲያን ቤት ነው የተዋስኩት፤ የእኛ ሥጋ አልነካቸውም። አምኖኝ ቤቴ የገባን ሰው እንዴት እበድላለሁ?»

ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረው የጃፓኑን ቢላ ከፍ አደረጉት። «ይህን ያመጣችልኝ ልጄ ናት። ምንም ነገር ያልነካው።»

ሻኛው ትዝ አለኝ።

ክርስቲያን የባረከውን እስላም እንደማይበላ፣ እስላም ያረደውንም ክርስቲያን እንደማይቀምስ በነገሌ ሕፃን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ቢላውን ስሞክር የፈራሁት ግን ዶልዱሞ እንዳያሳፍረኝ ብቻ ነበር፤ የማን ሥጋ እንደሆነ አንዴም አላሰብኩም። ቀና ስል ሼኩ ጎርሰው ማሻ አላህ ይላሉ። እኔም ከዶሮዬ ጎረስኩ። አሁን ሳስበው ያኔ ነበር መናገሪያው።

ለባሌ ብነግረው የፍርድ ቤት ሰው ነውና ማስረጃ የለም፣ ዝም በይ አለኝ። ሼኩን በመታጠቡ ይነጻ እንደሆነ እንዳልጠይቅ፣ መጀመሪያ የጎረሱት እሳቸው ናቸው። ቄሱን እንዳልጠይቅ፣ አስቀድመው አረፋ ቤት ምን ልትሠሪ ገባሽ ይሉኛል። ቢላው ደግሞ ስሙ ወጥቶለት፣ ሠርግ ያለበት የእስላም ቤት ሁሉ ይዋሰዋል።

ይህ ሁሉ ባልከፋ፤ አሁን እንደገና ነፍሰ ጡር ነኝ። ባለፈው ሰሞን አዴ ሐሊማ መጥተው ሆዴን ዳሰሱና ልጁ ደህና ዞሯል አሉኝ። ቀጥለው ዓይን ዓይኔን እያዩ፣

«የደበቅሽኝ ነገር ካለ ከምጥ በፊት ተናገሪ። የምትደብቅ ሴት ምጧ ይረዝማል» አሉ።

ምንም የለም አልኳቸው።

ባለፈው ጊዜ ምንም ሳልደብቅ ነው ሁለት ቀን ያማጥኩት።

እንግዲህ እናንተ ብዙ ያነበባችሁ፣ ምከሩኝ። አሁን ልንገራቸውና አዝነውብኝ ሳይመጡልኝ ይቅሩ? ወይስ ዝም ልበልና በምጤ ሰዓት ምን ዓይን ኖሮኝ አንገታቸውን ልያዝ? ብቻ ቶሎ በሉ፤ ወሩ ገብቷል።