ለእማማ ለተብርሃን የሚሆን ወንዝ

መሬት ላይ ለመተኛት ቦታ መምረጥ አልጋ ከመምረጥ ይብሳል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አልጋ ሲገዛ ሰው ቁጭ ይልበታል፣ ሁለቴ ነጠር ነጠር ይላል፣ ጥሩ ነው ብሎ ይወስዳል። ካምፕግራውንድ፣ ድንኳን መትከያው ሜዳ ላይ፣ ማን ይነጥራል?

የምኖረው አሜሪካ፣ ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር ነው። የምሠራው ዳውንታውን፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ። ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሴን በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ደግነቱ ጸሎት ዲግሪ አይጠይቅም። የምናመልከው ጎረቤት ከተማ አውሮራ ውስጥ፣ አሜሪካኖቹ ከሰዓት በኋላ በሚያከራዩን አዳራሽ ነው። እሑድ እሑድ አረጋውያኑን በቫኔ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ከእነሱ አንዷ እማማ ለተብርሃን ናቸው። የአስመራ ሰው ናቸው፤ በአማርኛ ተምረው ያደጉ፣ ጉልበታቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ግን ጤነኛ።

እማማ ጌታን ከተቀበሉ ቆይተዋል፤ ጥምቀት ብቻ ቀርቷቸዋል። አዳራሹ መድረክ ሥር የጥምቀት ገንዳ አለ፤ ውሃው እንደ ሻይ ለብ ያለ። ፓስተራችን ይግቡ እንጂ እማማ ይላቸዋል። (ታናሼ ስለሆነ ነው አንተ የምለው፤ ክብሩ እንዳለ ነው።) እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። ጌታዬ ወንዝ ወርዶ ተጠምቆ እኔ ገንዳ ልግባ? ገንዳ የልብስ ነው፤ ለብ ያለ ውሃ ደግሞ የሕፃንና የበሽተኛ ነው አሉ።

አንድ እሑድ ቫኑ ውስጥ፣ ልጄ፣ ሳልጠመቅ እንዳልሞት፤ አንተ መንገድ ታውቃለህ፣ ወንዝ ፈልግልኝ አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ያደክማል?

የበጋው ጉባኤያችን ወንዝ ዳር፣ ድንኳን ተክለን ይሁን ብዬ በስብሰባ ላይ ሐሳብ አቀረብኩ። ስፈራ ስቸር ነው ያቀረብኩት። ለምን መሰላችሁ? እኛ ዘንድ አንድ ነገር የማይፈልግ ሰው አይሆንም አይልም፤ በጸሎት እናስብበት ይላል። በጸሎት እናስብበት የተባለ ሐሳብ ተመልሶ ሲመጣ እስከ ዛሬ አላየሁም። ግን እማማ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ያዩናል። ማን ይድፈር? ሁሉም አሜን አለ።

አሜን ካለ በኋላ ግን ሁሉም የራሱን ይዞ መጣ። ሴቶቹ በር ያለው ሽንት ቤት አሉ። መዘምራኑ ለኪቦርዱ ኤሌክትሪክ አሉ። ጎረምሶቹ ሥጋ የሚጠበስበት፤ ፓስተሩ ድብ የሌለበት። እማማ የሚሄድ ውሃ ብቻ። ይህን ሁሉ አሟልቶ የያዘ ቦታ መንግሥተ ሰማያት ነው፤ እዚያ ደግሞ በሪዘርቬሽን አይገባም።

በዕረፍት ቀኔ ከባለቤቴ ከዘነበች ጋር ፍለጋ ወጣን። መጀመሪያ ያየነው እዚሁ ቅርብ ያለ ሐይቅ ነው። ሜዳ፣ ፀሐይ የሞቀው ውሃ፣ ለእማማ ጉልበት የተሠራ ይመስላል። ባለ ባርኔጣውን ጠባቂ ጠየቅኩት። ጀልባ ይገባል? ይገባል። ዓሣ ማጥመድስ? ይቻላል። ሰውስ ይገባል? ሰው አይገባም። ዘነበች ሳቀች። ዓሣ የሚያጠምድ ከተፈቀደ ሰው የሚያጠምድ ለምን ይከለከላል፣ ጴጥሮስ ቢመጣስ አለችኝ። እኔ ይህን በእንግሊዝኛ የማስረዳበት አቅም የለኝም፤ መኪናዬን አስነሳሁ።

ቀጥሎ ወደ ተራራው ወጥተን ትልቅ ወንዝ አገኘን። ሽንት ቤቱ በር አለው፤ ኤሌክትሪክ አለ። ደስ ብሎን ቆመን ስናይ፣ የራስ ቁር የደፉ ሰዎች በላስቲክ ጀልባ ላይ እየጮሁ በፊታችን አለፉ። ገና እጃችንን ሳናነሳላቸው ታጠፉ፣ ጠፉ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ይህ ውሃ እማማን አጥምቆ ጎረቤት ስቴት፣ ካንሳስ ነው የሚያወጣቸው።

ሦስተኛው ላይ ጌታ መራን። ወንዙ ከድንኳኖቹ በታች ይታጠፍና አሸዋ ላይ ረጋ ይላል፤ ወገብ ድረስ ነው። ዘነበች ሽንት ቤቱን ገብታ መረመረች፤ መወርወሪያውን ዘግታ ከፍታ፣ አሜን አለች። ለድቡም መላ አላቸው፤ ምግብ የሚቆለፍበት የብረት ሣጥን አቁመዋል። ድብ የኔን ቀይ ወጥ አንዴ ከቀመሰ ሞንትቤሎ ድረስ ነው የሚከተለን፣ ቁልፉን እኔ እይዛለሁ አለች። ኤሌክትሪክ የለም፤ መዘምራኑ ያጨብጭቡ።

ከዚያ እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ወገኖቼ፣ ሳወጣው የኔ እጅ መሆኑን ያረጋገጥኩት በዓይኔ ነው። ቀና ብዬ ተራራውን አየሁት፤ በረዶው እንዳለ ነው። እዚያ ላይ ይቀልጣል፣ እዚህ ይደርሳል፤ በመካከል የሚያሞቀው የለም።

ለፓስተሩ ሄጄ ቁርጡን ነገርኩት። ውሃው የበረዶ ነው፣ የእማማን ጉልበት ደግሞ ታውቀዋለህ አልኩት። ወንድሜ፣ እምነት ያሞቃል አለኝና ሠለስቱ ደቂቅን አነሳብኝ። እኔ ስለ በረዶ ነገርኩት፣ እሱ ስለ እሳት ሰበከኝ። አልፎ ተርፎ፣ ውሃው ውስጥ ቆሜ ስለ ዮርዳኖስ ሦስት ነጥብ አካፍላለሁ አለ።

እዚህ ላይ ፓስተራችንን ልታውቁት ይገባል። ልቡ ወርቅ ነው፤ ስብከቱ ግን ማብቂያ የለውም። በመጨረሻም የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ አዲስ የገቡ ሰዎች ጫማቸውን ያጠብቃሉ፤ እኛ ደግሞ ወንበራችን ላይ ተመቻችተን እንቀመጣለን። የአዳራሹ ዘበኛ በሩ ላይ ቁልፍ እያንቃጨለ ይጠብቀናል። እንዲህ ያለ ሰባኪ ሦስት ነጥብ ሲል እማማን በረዶ ውስጥ ቆመው አስቧቸው። ቦታውን የመረጥኩት እኔ፣ በቫን የማደርሳቸው እኔ። አንድ ነገር ቢሆኑ ምን እላለሁ? ጉባኤው እስኪደርስ እንዲህ እያልኩ ጸለይኩ፦ ጌታ ሆይ፣ ውሃውን አሙቅ፤ ካልሆነም ስብከቱን አሳጥር።

ቀኑ ደረሰ። ድንኳን መትከል የሚያውቅ አልነበረም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የጎረምሶቹ ድንኳን ሳንበላ ወደቀ። ከምሳ በፊት ሁላችንም ወደ ወንዙ ወረድን። እማማ ነጭ ለብሰው ክንዴን ይዘዋል። 

ፓስተሩ ቀድሞ ገባ። እስከ ቁርጭምጭሚት ፈገግ ብሎ፣ እስከ ጉልበት ዝም ብሎ፣ እስከ ወገብ ዓይኑን ጨፍኖ። ሰው ሁሉ በመንፈስ ነው ብሎ ሃሌሉያ አለ። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባላል። የኛዋ ላም በረዶ ነው የወለደችው። አይወጣ ነገር ምእመን ያያል፤ አይቆይ ነገር ከወገብ በታች ያለው የራሱ መሆኑ አጠራጥሮታል። ወገኖቼ፣ ዮ፣ ዮ፣ ዮር አለ። ዮርዳኖስን ሳይጨርሰው እማማን በዓይኑ ጠራቸው። ክንዴን ለቅቀው ገቡ። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ ጥልቅ፣ ብቅ። አለቀ። እጄን አንስቼ ለማጨብጨብ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም።

ፓስተሩ ወደ ዳር ሲሮጥ እማማ እዚያው ቆመው ቀሩ። ፊታቸውን ጠረግ አድርገው፣ ልጄ፣ ሦስት ነጥብ ብለህ አልነበር? የት ሄዱብህ? አሉት። ይውጡ ብለን ብንለምን፣ ተዉኝ፣ ጉልበቴ ሕመሙን ተወ አሉ። ፈውስ ነው ወይስ መደንዘዝ? እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ አልፈርድም። ዳገቱን ግን ያለ ክንዴ ነው የወጡት።

ስለ ጸሎቴ ሳስብ አሁንም ይገርመኛል። ውሃ ማሞቅ ለጌታ ቀላሉ ነበር። እሱ ከባዱን መረጠ።

በክረምቱ ስብሰባ ላይ ለሚመጣው በጋ ቦታ ይመረጥ ተባለ። ፓስተሩ ቀድሞ እጁን አወጣ። ተራራው ውስጥ ከመሬት ፈልቶ የሚወጣ ፍል ውሃ ያለበት ካምፕግራውንድ እንዳለ ሰምቷል። የሚሄድ ውሃ ነው፣ ሙቅም ነው፣ ዘና ብሎ ቃሉን ለማካፈልም ይመቻል አለን።  ዘበኛው እንኳ ቁልፉን ማንቃጨል ያቆመ መሰለኝ። እማማ ለተብርሃን ከፊት ወንበር ቀስ ብለው ተነሡ፤ በፍቅር አዩት።

በጸሎት እናስብበት አሉ።