ለአማቴ እንቅልፍ ፍለጋ

በሥራ ዘመኔ ያላየሁት የከብት በሽታ ጥቂት ነው። ሆዱ የተነፋ በሬ፣ ጡቷ ያበጠ ላም፣ ፌስታል የዋጠች ፍየል፣ ምኑንም ሳያመው ባለቤቱ እንዲሁ የጠረጠረው በግ ሁሉ በእጄ አልፏል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብሎ የመጣ ከብት ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። በሬ ቀኑን ሙሉ ቀንበር ተሸክሞ ይውላል፣ ማታ ጭዱን ይበላል፣ ጋደም ብሎ ያመነዥካል፣ ይተኛል። ነገ ስለሚታረሰው መሬት አይጨነቅም፤ አጠገቤ ያለው በሬ ምን ይለኝ ይሆን ብሎም አይገላበጥም። እንቅልፍ አጥቶ ማደር ለእኛ ለሰዎች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው።

መድኃኒት ማዘዝም እንደዚሁ። ካላመናችሁኝ ነገ ጠዋት መሥሪያ ቤታችሁ ስትገቡ ዓይናችሁን አሸት አሸት አድርጉና "እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረ" በሉ። ከጥበቃው እስከ ኃላፊው ድረስ ሐኪም ያልሆነ ሰው ታጣላችሁ። አንዱ ትኩስ ወተት ያዝዛል፣ ሌላዋ ትራስ ሥር ነጭ ሽንኩርት አድርጉ ትላለች፣ ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ መለኪያ አረቄ ያዝዛል፤ ለእሱ ሰርቶለታል ወይ ብላችሁ ዓይኑን ስታዩት ከእናንተ የባሰ ቀልቷል። ምክርና ቡጢ ለሰጪው ቀላል ነው።

ይህን ሁሉ የተማርሁት በራሴ እንቅልፍ አይደለም። የእኔ እንቅልፍ ከበሬው ወገን ነው። የተማርሁት በአማቴ ነው።

አማቴ እማማ አንጓች ይባላሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል፤ ማንኩሳ አጠገብ ካለው ቤታቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለፈው መኸር ከአውድማው ዳር ራሳቸውን ስተው ወድቀው ተገኙና፣ ሲመረመሩ ደም ግፊት ሆነ። ባለቤቴ ባንቺአምላክ ያን ዕለት ሄዳ፣ እናቷን ከነጋቢያቸው ደግፋ ፍኖተ ሰላም ቤታችን ይዛቸው መጣች። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ነርሷ ክኒን ሰጠችና፣ "ክኒኑ የሚሠራው ግማሹን ነው፤ ሌላውን ግማሽ የሚሠራው እረፍት ነው። በደንብ ይተኙ" አለቻቸው።

"እሽ" አሉ። እማማ አንጓች እምቢ ማለት አያውቁም።

እዚህ ላይ አማትና አማች በእኛ አገር እንዴት እንደሚተያዩ ለማታውቁ ጥቂት ልበል። እሳቸው እኔን አንቱ ይሉኛል፤ እኔም እሳቸውን አንቱ እላለሁ። እኔ ስገባ ይነሳሉ፣ እሳቸው ሲነሱ እኔ አልቀመጥም፣ "ኧረ ይቀመጡ" "አንቱ ይቀመጡ" ስንባባል ወጡ ይቀዘቅዛል። ባንቺአምላክ ቤታችን ቅዳሴ ሆነ፣ ተነሡ ተቀመጡ ብቻ ነው ትላለች። እኔ ፊት ሲበሉ በነጠላቸው አፋቸውን ከልለው ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ጋብቻችን ውስጥ የአማቴን ጥርስ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱን ጊዜ የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ላይ፣ ሌላውን ደግሞ ጥርሳቸውን አሟቸው። እኔ የከብት ሐኪም ስለሆንሁ "ሐኪሙ" ነው የሚሉኝ፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

ቤታችን ደግሞ ሁለት ክፍል ናት። ሳሎኑ ውስጥ ለእሳቸው አልጋ ዘረጋን። ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን የሚለየው ኮምፔርሳቶ ነው፤ እሱም ኮርኒሱ ድረስ አይደርስም። ወዲያ ያለው ሲያስነጥስ ወዲህ ያለው ይማርዎ ይላል።

እንግዲህ በዚያ አልጋ ላይ አማቴ አልተኛ አሉ። ባንቺአምላክ በሌሊት ለውኃ ስትነሳ እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጎህ ሲቀድም እዚያው ናቸው። ቀን ደግሞ ጋደም ይበሉ ሲባሉ ጀምበር እያየችኝ እንዴት እተኛለሁ ይላሉ። "እንደምን አደሩ?" ስላቸው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ" ብቻ ነው መልሳቸው። ዓይናቸው ወደ ውስጥ እየገባ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ነርሷ ግፊታቸውን ለክታ፣ እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ አንድ ቀን ድንገት ይጥላቸዋል አለችኝ። ባንቺአምላክ የጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አጥሩን ይዛ አለቀሰች። እማማ አንጓች ደግሞ በዚያው ሰሞን አዲስ ነገር ጀመሩ። "ወደ ቤቴ ብሄድ እተኛለሁ" ማለት ጀመሩ። እዚያ ቤታቸው ክኒን ዋጡ ብሎ የሚያስታውስ፣ ቢወድቁ የሚያነሳ ሰው እንደሌለ ሦስታችንም እናውቃለን። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነበር። ከሄዱ ዳግመኛ የምናያቸው ለቀብር እንዳይሆን።

ስለዚህ መድኃኒት ፍለጋ ወጣሁ። ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ወተት በማር አመጣች፤ ጠጡ። የአጃ አጥሚት አመጣች፤ ጠጡ። እግራቸውን ለብ ባለ የጨው ውኃ አጠብንላቸው፤ መረቁን። ጸበሉንም ጠጡ፣ ተረጩ። መድኃኒት ቤት ሄጄ የእንቅልፍ ክኒን ብል፣ ሻጯ ልጅ ስለምታውቀኝ "ስንት ኪሎ ለሚመዝን ከብት ነው?" አለችኝ። ለአማቴ ነው ስላት ደንግጣ ያለ ማዘዣ አልሰጥም አለች። ነርሷም ከግፊቱ ክኒን ጋር አይሆንም ብላ ተቆጣችኝ።

የእትዬ ውዴ ልጅ ቡሬ ካምፓስ የምትማር፣ ለሁሉም ነገር ስልኳ ውስጥ መልስ ያላት ልጅ ናት። አንድ ማታ ከራት በኋላ መጥታ፣ "እማማ፣ ይሄን እየሰሙ ሪላክስ ይላሉ" ብላ የዝናብ ድምፅ ከፈተችላቸው። ደስ የሚል ዝናብ ነው፤ እኔን ወዲያው አሳዛጋኝ። አማቴ ግን ከአልጋው ተፈናጥረው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በሩን ከፈቱ። "ባንቺ፣ ተነሽ፣ ስጡ ተበላሸ፤ በርበሬውን አስገቢ" እያሉ ግቢውን ዞሩት። የተሰጣ እህልም በርበሬም የለንም፤ ወሩም ጥር ነው። ከዚያ በኋላ ቀና ብለው ጥርት ያለውን ሰማይ ሲያዩ የነበረው ፊታቸው አሁንም ድረስ ያሳዝነኛል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ ተረት በዚያ ሰሞን ትዝ ቢለኝ ኖሮ ብዙ ወተት በተረፈ።

በመጨረሻ ቡሬ አንድ የባህል መድኃኒት አዋቂ አለ ተባለና፣ ቅዳሜ ጠዋት አማቴን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ባንቺአምላክ ከልጆቹ ጋር ቀረች። ሚኒባስ ውስጥ ይሉኝታ አይሠራም፤ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ካለ አማትም አማችም ትከሻ ለትከሻ ነው። እሳቸው በመስኮቱ በኩል ተኮራምተው ተቀመጡ፤ እኔም ትከሻዬን ወደ ውስጥ አጥፌ የማልጠጋቸው ለመምሰል ሞከርሁ። ማንኩሳ ላይ ጥቂት ሰዎች ተሳፈሩ። ከመካከላቸው አንዷ ለካ የአማቴ የማኅበር ጓደኛ ናቸው፤ ከፊት ወንበር ዞረው እስኪጠግቡ ጤና ተጠያየቁ። ከዚያ መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ ፀሐይዋ በመስታወቱ ገባች፣ ሞተሩ ማዜም ጀመረ፤ የአማቴ ጭንቅላትም ቀስ ብሎ መስኮቱ ላይ ተደገፈ።

ተኙ። 

ከዚያ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ዝቅ ብሎ ነው የጀመረው፣ እንደ ሩቅ ወፍጮ። እየቆየ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ መኪና ሙሉ ሰው ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ በቀጭን ፉጨት ወረደ። እንደገና ከታች ተጀመረ። ሹፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ። የማኅበር ጓደኛቸው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ከኋላችን ያሉት ሁለት ተማሪዎች እየተንፈቀፈቁ ነው፤ አንደኛዋ ስልኳን አውጥታ ወደ እኛ አዞረች።

ነገሩ ሁሉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ይህ ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ተሰምቶ አያውቅም። እንቅልፍ አማቴን አልከዳቸውም፤ እሳቸው ናቸው እንቅልፍን ሲያባርሩ ያደሩት። አማች እንዳይሰማቸው። ሲበሉ እንኳ አፋቸውን የማያሳዩኝ ሴት ሲያንኮራፉ ከምሰማቸው ግፊቱ ቢጥላቸው መርጠዋል፤ እኔ ደግሞ ወተት በማር እያቀረብሁ እጠብቃለሁ። አፈርሁ። አሁን ነቅተው፣ የአገራቸው ሰው እየሳቀ፣ ስልክ ተደቅኖባቸው፣ ከጎናቸው እኔን ቢያዩ ምን እንደሚሆን አሰብሁ። በማግሥቱ ቤታቸው ይገባሉ። ዳግመኛም አይወጡም።

እኔም ዓይኔን ጨፈንሁ፣ አንገቴን አጋደልሁ፣ አፌን ከፍቼ ማንኮራፋት ጀመርሁ።

እናንተ ነቅታችሁ አንኮራፍታችሁ ታውቃላችሁ? ከባድ ሥራ ነው። እንዴት እንደሚጀመር እንኳ ስለማላውቅ የእሳቸውን ተከተልሁ፤ ዝቅ፣ ከፍ፣ ቆም፣ ከዚያ ፉጨት። ግን ከእሳቸው አስበልጬ ነው። ሳቁ ፈነዳ። ስልኩ ወደ እኔ እንደዞረ ዓይኔን ሳልገልጥ አወቅሁት። በሳቁ መካከል የአማቴ ድምፅ ቀጥ አለ። ነቁ። እኔ አላቋረጥሁም።

 ከዚያ ፊቴ ላይ አንድ ለስላሳ ነገር አረፈ፤ የነጠላቸው ጫፍ ነው። ሙሉ ፊቴን ሸፈኑኝ።

"ምነዋ ልጆች" አሉ፤ "የደከመው ሰው ተኛ ብሎ ይሳቅበታል? ያንቺም እናት ደክሟት ትተኛለች እኮ፣ ልጀ። ያንን ነገር መልሽው።"

ሳቁ ቆመ፤ ልጅቱ ስልኳን መለሰች። ነጠላው ሥር ሆኜ ቡሬ እስክንገባ አንኮራፋሁ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ፊቴን የሸፈነልኝ ሰው እንዳልነበረ አስታወስሁ። ድምፄ እዚያ ላይ ትንሽ ሳይሰናከል አልቀረም።

መድኃኒት አዋቂው ቤት ስንደርስ አማቴ ለራሳቸው አልጠየቁም። "እኔስ ዛሬ ቀለል ብሎኛል። ለሐኪሙ ነው የመጣነው፤ ያንኮራፋሉ" አሉ። ሰውየው በሐዘን ተመለከተኝና፣ ተልባ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ለብ ባለ ውኃ ማታ ማታ እንድጠጣ አዘዘ። በሕይወቴ የምጠላው ነገር ቢኖር ተልባ ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

ያን ማታ ቤታችን መብራቱ እንደጠፋ፣ አማቴ እንደገና መቁጠሪያቸውን ሳያነሱ በማንኮራፋት ቀደምኋቸው። ባንቺአምላክ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። በጆሮዋ ነገሩን ስነግራት፣ "ወይኔ እናቴ" አለች፤ "እኔ እኮ ስሰማው ያደግሁት ነው፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ወፍጮው መቆሙን መች ልብ ይላል?" ብዙም ሳይቆይ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ የሩቁ ወፍጮ ተነሳ። ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘን ሰማነው።

ከዚያ ወዲህ አማቴ ይተኛሉ። በወሩ ነርሷ ግፊቱ ወርዷል ብላ፣ ምን አድርጋችሁላቸው ነው አለችን። እኔ ግን የመንደሩ በሽተኛ ሆንሁ። እትዬ ውዴ አፍንጫዬ ውስጥ የሚጨመር የሰሊጥ ዘይት አመጣችልኝ፤ ልጇ ስልኳን አይታ በጎንዎ ይተኙ አለችኝ፤ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ሰው እንዳይሰማ አድርጎ አረቄ አዘዘልኝ። አማቴ በየማታው ተልባዬን በኩባያ ያቀርባሉ፣ እስክጨርስም ቆመው ይጠብቃሉ።

ባለፈው እሑድ ባንቺአምላክ አንድ ነገር ነገረችኝ። የባሌ ማንኮራፋት አስቸገረሽ ወይ ብላ እናቷን ብታዋዛቸው፣ እማማ አንጓች ሳቁ አሉ።

"አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠዋት ጠዋት ሲያሾፉብኝ እኔ ሌሊት ያንኮራፋሁትን እያንኮራፉ ያሰሙኝ ነበር" አሉ። "ዝቅ አርገው፣ ከፍ አርገው፣ ቆም ብለው፣ ከዚያ ያችን ፉጨት። አርባ ዓመት። ካረፉ ወዲህ መልሼ የሰማሁት ያን ለት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሐኪሙ የኔኑ እያንኮራፉልኝ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?"

"ምን ብየ? የኔን እፍረት የተሸከመን ሰው መልሼ ላሳፍር? ደግሞስ ማታ ማታ ሲጀምሩልኝ፣ አባትሽ አሁንም እያሾፉብኝ መስሎኝ ነው ዓይኔ የሚከደነው።"

 ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። እሳቸው እንደማላንኮራፋ ያውቃሉ፤ እኔም እንደሚያውቁ አውቃለሁ። ጠዋት ስንገናኝ አፋቸውን በነጠላቸው ከለል አድርገው፣ "ተልባው ትንሽ ረዳዎ?" ይሉኛል። እኔም ትንሽ ቀለል ብሎኛል እላቸዋለሁ። ድኛለሁ ግን አልልም። እኔ ከዳንሁ አማቴ አይተኙም።