ባለአራት ጣቶቹ በሬዎች

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ከነፋሱ ገለል ብላችሁ ወደ እኔ ተሰብሰቡ። ግንቦት ነው፤ ጣና ወደ ኋላ ሸሽቶ የዋህ የሚመስልበት ወር። እንዳታምኑት።

የእኛ የፎገራ ሰው ከሚያርስበት ቀን የሚሟገትበት ይበልጣል። በሬ ቢሞትበት አልቅሶ ይወጣለታል፤ የመሬት ሙግት ቢያልቅበት ግን ምን ሠርቶ ይውላል? ይታመማል እንጂ! ባሌ ደሴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከዚሁ ወገን ነበር። ያን ዓመት ግን የተሟገተው ለአመሉ አይደለም። ማዕበሉ ማሳችንን ከሥር ከሥሩ እየቦረቦረ፣ ጤፋችን ከነቡቃያው ቁልቁል ሲገመስ ቆመን እናይ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ሐይቁ ወደ ጎጆዬ ይጠጋል። ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?

የቀረን ተስፋ የደሴ የሩቅ ዘመድ የብሬ ማሳ ነበር፤ ከፍ ያለ፣ ውኃ የማይደርስበት። ደሴ የአባቶቼ ርስት ነውና ድርሻዬን ስጠኝ ይለዋል። ብሬ ደግሞ አባቶችህ ከይፋግ የመጡ እንግዶች ናቸው፣ እዚህ አንድ ትልም አላወጡም ይለዋል።

ታዲያ እንዲህ እንደ ዛሬው ውኃው ሲሸሽ፣ ከተሸረሸረው ገደል ሥር ሌላ መሬት ብቅ አለላችሁ። ከመሬት በታች መሬት! ጥቁር፣ ቀላል፣ በእጅ ሲሰብሩት ውስጡ ታንኳ የምንሠራበት የደንገል ሥር ደርቆ የተነባበረበት። ማንም ዛፍ አየሁ በማይልበት ቦታ የዛፍ ጉቶ ተገትሯል። ከጥቁሩ ፈንጠር ብሎ ደግሞ እንደ ድንጋይ የጠና ጭቃ፣ ላዩ በዱካ የተረጋገጠ፤ ዱካ በዱካ ላይ።

ደሴ ተንበርክኮ ሳመው። አውድማ ነው አለ፤ የአባቶቼ በሬዎች እህል ሲያበራዩ የረገጡት አውድማ! ርስቱ ራሱ ከመቃብር ተነሥቶ መሰከረልኝ አለ። እኔም እልል አልኩ። ልጆቿ የተራቡባት እናት እልል ለማለት ስንት ምስክር ትፈልጋለች?

ሙግቱን የሚዳኙት የመንደሩ ጭቃ ሹምና ሽማግሌዎች ቦታውን ሊያዩ መጡ። ከሳሽ ደግሞ ሽማግሌን ጾሙን አይመልስምና፣ ደሴ የቀረችንን በግ አረደ። ማረዱስ ይሁን፤ በአባቶቼ አውድማ ላይ ካልበላችሁ ብሎ እሳቱን እዚያው ጥቁሩ አፈር ላይ አነደደው። ጭቃ ሹሙ ጉቶው ላይ እንደ ንጉሥ ተሰየሙ።

ሥጋው ሲያልቅ ብሬ ወደ ዱካው ጎንበስ አለ። ጣቱን እየከተተ አየ፣ አየና፣ አንቱ ጭቃ ሹም፣ የደሴ አያት በሬዎች አራት አራት ጣት ነበራቸው እንዴ? ብሎ ጠየቀ። ይሄ እኮ ጉማሬ ነው፤ ጉማሬ አሰልፎ ጤፍ የሚያበራይ ይፋግ ውስጥ ካለ ልሂድና ልየው አለ። ሽማግሌዎቹ በሳቅ ወደቁ። ደሴ ግን ፍንክች አላለም፤ የድሮ በሬ ነው፣ ጣት ይተርፈው ነበር አለ።

ይህን ሲል ጭቃ ሹሙ ከጉቶው ዘለው ተነሡ። ጋቢያቸው ከታች ይጨሳል! ለካ ያ ሥር የሞላበት ጥቁር መሬት ራሱ ተያይዟል። ውኃ ብናፈስበት እዚህ ሲጠፋ እዚያ ይጨሳል። ሽማግሌዎቹ እየሳሉ ወደ ብሬ ማሳ ሮጡ፤ ፍርዱንም እዚያው ቆመው ሰጡ። ማሳውን ባለማሳው ይያዝ፣ አውድማውን ባለአውድማው ይውሰድ አሉ። የበሉት በግ ነው መሰል ግማሹን ያስፈረደልን። ረታን! የሚጨስ መሬት ረታን።

ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ጨሰ። ከዚያ ሐይቁ መጥቶ የተረፈውን ወሰደ፤ ጎጆዬንም ጨመረ።

ደሴ የብሬ እኩል አራሽ ሆነና ርስቴ ነው ያለውን መሬት ለሌላ ሰው ሲያርስ ሞተ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ሐሙሲት ሰው ቤት ገቡ፤ ታናሺቱ በወባ እዚያው ቀረች። ጭቃ ሹሙ በዚያች በተቃጠለች ጋቢያቸው ሲሳቅባቸው ኖረው አረፉ። ብሬ አለ፤ አርጅቷል። አምና ክረምት ሐይቁ የእሱንም ማሳ ጀመረው።

ትናንት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዘራውን አስደግፎ፣ ከገደሉ ሥር ዱካ ወጥቷል፣ የአባቶቼ በሬዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ከላይኛው መንደር መሬት ልጠይቅበት ነው አለኝ።

ስንት ጣት አላቸው? አልኩት።

መሬት መሬቱን እያየ፣ የድሮ በሬ ነው፣ ጣት ይተርፈው ነበር አለኝ።