የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሽማግሌ

በር የሚያንኳኳ ሰው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ቁጥሩን ጽፎ ይሄዳል። ሁለተኛው ጎረቤት ነው፤ ጨው ተበድሮ፣ ሐሜት ትቶ ይሄዳል። ሦስተኛው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ደረቱ ላይ ጥቁር የስም ምልክት የለጠፈ የሞርሞን ሃይማኖት ሰባኪ ወጣት ነው። እሱ ሂድ ሲሉት አመስግኖ ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን ነገ ለመመለስ ነው። እኔ እዚህ ቡልጋሪያ፣ ሹመን ከተማ ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ ስጽፍ፣ ሹመኛውንም ሌባውንም በአንድ አምድ አሳፍሬ አውቃለሁ። እነዚህን ልጆች ግን ያሳፈረ ሰው አላየሁም።

ለእኛ ሕንፃ፣ ለሁለተኛው መግቢያ፣ የተላኩልን የተከበሩ ሽማግሌ ብሪምሆል ነበሩ። ሽማግሌ ያልኳቸው እኔ አይደለሁም፤ ደረታቸው ላይ በቡልጋርኛ በጉልህ የተጻፈው ማዕረጋቸው ነው። ሽማግሌው አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ጢማቸው ልውጣ አልውጣ እያለ ገና ያመነታል። አሜሪካ ውስጥ አይዳሆ ከሚባል የድንች አገር ለሁለት ዓመት ሊሰብኩ መጥተው፣ አንዳፍታ ከማይለያቸው ባልደረባ ጋር በየደረጃው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ባልደረባው በየጥቂት ወሩ ይቀየራል። እሳቸው ግን፣ በምን ኃጢአታቸው እንደሆነ እንጃ፣ እኛው ላይ ቀሩ።

የመጀመሪያውን ወር የጨረሱት ከጭንቅላታችን ጋር ሲታገሉ ነው። እኛ አዎ ስንል ራሳችንን ግራና ቀኝ እናወዛውዛለን፤ እምቢ ስንል ወደ ላይ እንነቀንቃለን። ሽማግሌው ይህን በትምህርት ያውቁታል፤ አንገታቸው ግን አያውቀውም። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው እትዬ ጾና፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚያጫውታት ያጣች ሴት ናት። ስልክ እያወራች በሩን ከፍታ «ግቡ» ለማለት ራሷን ብታወዛውዝላቸው፣ ይቅርታ ጠይቀው ደረጃውን ወረዱ። አምስተኛ ፎቅ ያለው ጋሽ ራሽኮ ደግሞ ጡረታ የወጣ የትራክተር መካኒክ ነው፤ በእግዚአብሔርም በሐኪምም አያምንም። አፉ በዳቦ ተሞልቶ እምቢታውን በራሱ ብቻ ቢነቀንቅ፣ ደስ ብሏቸው ሃያ ደቂቃ ሰበኩት። ያውም ያንን ባለ ሪዝ ሰውዬ «የተወደድሽ» እያሉ።

«የተወደድክ ያለችኝ እናቴ ብቻ ነበረች» አለኝ ጋሽ ራሽኮ ማታ አግዳሚው ወንበር ላይ። «የተወደድሽ ግን እሷም አላለችኝም።»

በሳምንቱ ቤቱ አስገባቸው። ሊያምን አይደለም፤ እንግዳ ደጅ ማቆም ነውር ስለሆነ ነው።

«ከራሴ ፕሪም ያወጣሁት አረቄ ነው፤ አንዲት መለኪያ ቅመሱ» አላቸው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አንጠጣም።»

«እሺ፣ ቡና?»

«ቡናም አንጠጣም።»

«ሻይስ?»

«ሻይም።»

«ሲጋራ?»

«አናጨስም።»

ጋሽ ራሽኮ በሐዘኔታ አያቸው። «ታዲያ የኔ ልጅ፣ ኃጢአትን የት ታውቀውና ነው የምታስተምረን?»

«ውሃ ካለ እንጠጣለን» አሉ ሽማግሌው። «ለሌላው ጊዜ አለን።»

«ጊዜ አለን» የዘወትር ቃላቸው ናት። በር ሲዘጋባቸውም፣ ዝናብ ሲደበድባቸውም፣ ውሻ ሱሪያቸውን ሲይዘውም፣ ጊዜ አላቸው።

መስከረም ላይ ሊፍታችን ተበላሸ። መስከረም ደግሞ ሁሉም ቤት ለብርዱ ወራት ቀይ ቃሪያ ጠብሶ በጠርሙስ የሚያሽግበት ወር ነው። እትዬ ጾና አርባ ኪሎ ቃሪያ አስመጥታ በሩ ላይ ቆማ ደረጃውን ሽቅብ ስታይ፣ ሽማግሌው ነጩን እጅጌ ሰብስበው ጆንያውን ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕንፃው በሙሉ የመንፈስ ጥማት አደረበት። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ልታስወጣ የፈለገችው የሁለተኛ ፎቅ ሴትዮ ሳትቀር «ስለ ነፍሴ ላማክራችሁ» ብላ አስጠራቻቸው።

«ሃይማኖታቸውን እንጃ» አለች እትዬ ጾና። «በጉልበታቸው ግን አምኛለሁ።»

ዋናው ስብከታቸው፣ ቤተሰብ ሞት አይለየውም፣ ባልና ሚስት ለዘላለም አብረው ይኖራሉ የሚል ነበር። ጋሽ ራሽኮ ይህን ሲሰማ ወደ ጓዳ ገልመጥ አለ። «ለዘላለም? ኧረ ልጄ፣ አርባ አራት ዓመት ችላኛለች። እስቲ መጀመሪያ እሷን ጠይቃት።»

«አስብበታለሁ በለው» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

ከሕንፃችን አምኖ የተጠመቀ አንድም ሰው የለም። ያም ሆኖ እኔ አልማርኳቸውም፤ አንድ ሐሙስ አምዴን በሙሉ በእሳቸው ላይ ቀለድኩበት። በማግስቱ ጋዜጣውን ይዘው መጥተው ያልገቧቸውን ሦስት ቃላት ትርጉም ጠየቁኝ። ሦስቱም ስድብ ነበሩ። ተረጎምኩላቸው። በደብተራቸው መዝግበው፣ ቡልጋርኛቸውን ስላሻሻልኩላቸው አመሰገኑኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንቱ እያልኩ መቀጠል አልችልም።

የካቲት ላይ አንድ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ፣ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሃል ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ባልደረባው አጠገቡ ቆሞ እጁን የሚያደርግበት አጥቷል።

«አያቴ ሞተ» አለኝ። «ቅዳሜ ይቀበራል።»

«ትሄዳለህ?»

«አለቆቻችን ከፈለግህ ሂድ ብለውኛል። ግን ስሸኝ ያን ጊዜ፣ እኔ ብሞት እንዳትመለስ፣ የጀመርከውን ጨርስ ብሎኝ ነበር።» ደረቱ ላይ ያለውን የስም ምልክት ነካ አደረገ። «እንደምንገናኝ አውቃለሁ ጋሼ። አውቃለሁ። ግን ለእናንተ ስናገረው ቀላል ነበር።»

ብርድ ብርድ የሚለው ደረጃ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እሱ ትከሻዬ ላይ ግንባሩን አድርጎ አለቀሰ፤ እንደ ሽማግሌ አይደለም፣ እንደ ልጅ።

እትዬ ጾና ድምፁን ሰምታ በሯን ከፈተች። ነገሩን ስንነግራት እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«አያትህ ስማቸው ማነው?»

«ላማር። ላማር ብሪምሆል።»

«ፎቷቸው አለህ?»

ስልኩን አሳያት፤ ትልቅ ባርኔጣ ያደረጉ ቀጭን ሰው፣ ትራክተር ላይ ተቀምጠው ፀሐዩ ዓይናቸውን አስጨፍኗቸዋል። እትዬ ጾና አይታ አይታ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰው ወረቀት ሳይለጠፍለት አይቀበርም» አለች። «ጸሐፊ ነኝ ትል የለ? ጻፍ። እኔ የንፍሮውን ስንዴ እቀቅላለሁ።»

እኛ ጋ ሰው ሲሞት ፎቶውና ስሙ በአንድ ገጽ ታትሞ የሚኖርበት ሕንፃ መግቢያ ላይ ይለጠፋል፤ ያልተለጠፈለት ሰው ሞቱን የሚያውቅለት የለም። ዕድሜዬን በሙሉ ከጻፍኩት ሁሉ እነዚያን ጥቂት መስመሮች ያህል ያስጨነቀኝ የለም። «ላማር ብሪምሆል። ሰማንያ አንድ ዓመት። ድንች ገበሬ፣ ባል፣ አባት፣ አያት። ሐዘንተኞች፦ የልጅ ልጃቸውና የሁለተኛው መግቢያ ጎረቤቶች።» አትሜ በሩ ላይ ስለጥፈው ልጁ ቆሞ አነበበ። የመጨረሻው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

ቅዳሜ ቀብሩ በሚፈጸምበት ሰዓት ሁላችንም መግቢያው ላይ ቆምን። እትዬ ጾና ስኳርና ለውዝ የተነሰነሰበትን ንፍሮ በወረቀት ኩባያ አደለች። ጋሽ ራሽኮ የሰርጉን ኮት ለብሶ፣ ለሟች መሬት ላይ የሚፈሰውን ብርጭቆ ይዞ መጣ። አረቄ መስሎኝ ነበር። ውሃ ነው።

«አይጠጡም ነበር አሉ» አለኝ በሹክሹክታ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

ልጁ በቡልጋርኛ ጸለየ። እግዚአብሔርን ሳይቀር «የተወደድሽ» አለው። ማንም አላረመውም። ጋሽ ራሽኮ ባርኔጣውን አውልቆ እስከ መጨረሻው መሬት መሬት ሲያይ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ወደ ሌላ ከተማ አዛወሩት፤ በነሐሴ ሁለት ዓመቱን ጨርሶ አገሩ ገባ። ሲሰናበተን እትዬ ጾና ስምንት ጠርሙስ ቃሪያ ሻንጣው ውስጥ ለመክተት ታገለች፤ ሁለቱ ገቡ።

ወረቀቱ እንደ ወጉ በአርባው፣ ከዚያም በስድስት ወሩ ታድሶ ይለጠፋል። ማን እንዳዘዘኝ አላውቅም፣ ሁለቱንም አድርጌአለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሙት ዓመታቸው ነበር። አዲሱን ወረቀት በጣቴ እየዳመጥኩ ሳለ፣ በቅርቡ አንደኛ ፎቅ የገባች ወጣት ሴት የገበያ ዘንቢሏን ይዛ አጠገቤ ቆመች። ባርኔጣውንም ትራክተሩንም አየች።

«ደስ የሚል ፊት ነበራቸው» አለች። «ስንተኛ ፎቅ ነበር የሚኖሩት?»

«አራተኛ» አልኳት።

አራተኛ ፎቅ የምኖረው እኔ ብቻ ነኝ።

«የእርስዎ ሰው ናቸዋ» አለች፣ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ እጄን እየያዘች። «እግዚአብሔር ያጥናዎት።»

«አሜን» አልኩ።