ባዶ ሰሃን አይላክም

ሰው ሁለት ነገር ጠይቅ ተብሎ ሄዶ የአንዱን መልስ ብቻ ይዞ ሲመጣ ዝንጉ ይባላል። ኮምፒውተር ሲያደርገው ግን ሕግ ነው ይሉናል። ይኼ ፍርድ ነው?

እኔን ግራ ያጋባኝ ኦብጀክቲቭ ሲ የሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ሕግ ነው። አጎቴ ሸምሱ የቡ ከምትባል ከተማ ቡና ይገዛል። አሮጌ አፕል ላፕቶፑን አውሶኝ፣ ቡናው መድረቁን፣ ካልደረቀም ስንት ቀን ማድረቂያ አልጋው ላይ እንደሚቆይ በአይፎኑ የሚነግር ፕሮግራም ሥሪልኝ አለኝ። ከሠራሁ ላፕቶፑ የእኔ፣ ካልሠራሁ ለሰፈራችን ሞባይል ጠጋኝ ይሰጠዋል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ፕሮግራሙ ውስጥ ፈንክሽን የሚሉት መልእክተኛ ሁለት ጥያቄ ይዞ ሄዶ የሚመልሰው አንድ ብቻ ነው።

ከመጠየቅ ደጃዝማችነት ይገኛል ይላሉ። እኔ መጠየቅ ስለምፈራ ሹመቱ ሩቅ ነው። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ የሚማረውን የአክስቴን ልጅ ከድርን ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅሁት። እያዛጋ፣ ለሁለተኛው መልስ ማስቀመጫ ዕቃ አብረሽ ላኪ አለኝ። የምን ዕቃ? አልኩት። አንቺ ደግሞ፣ ጎረቤት ሰሃን ስትልኪ ሞልተው አይመልሱልሽም? ባዶ ሰሃን ስጪው፣ ይሞላልሻል አለ።

ባዶ? በእኛ ሰፈር፣ በቦሳ አዲስ፣ የሰው ሰሃን ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ባዶ መላክማ ልመና ነው። እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች? ስለዚህ ለጨዋነት ያህል ሰሃኑ ላይ ሦስት ቁጥርን ጣል አድርጌ ላክሁ። ፈንክሽኑ በራሱ ቁጥር ይተካው የለ?

ይተካዋል፤ ቡናው እርጥብ ከሆነ። ቤት ውስጥ የሞከርኩትም በእርጥብ በእርጥቡ ነበር። ደረቅ ሲያጋጥመው ግን ደርቋል ብሎ ከደጅ ይመለሳል እንጂ ሰሃኑን ዞር ብሎም አያየውም፤ የእኔ ሦስት እዚያው ይቀራል። ይህን ያወቅሁት የቡ ላይ፣ አባ ጀማል የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ቡና ፊት ቆመን ነው። አጎቴ የእርጥበት መለኪያውን አይቶ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ጻፈ። ስልኩም «ደርቋል። ሦስት ቀን ይቀረዋል» አለ።

ላፕቶፑን በልቤ ተሰናበትኩት።

አባ ጀማል ስልኩን እያዩ፣ ማሎ፣ እባክህ ሸምሱ፣ ከደረቀ የምን ሦስት ቀን ነው ብለው ጠየቁ። አጎቴ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ፣ ወላሂ እኔስ ስልዎት የኖርኩት ይኼንኑ አይደል? ደርቋል፣ ግን ገና ነው፤ እስቲ ዋጋው ላይ እንነጋገር አላቸው።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ፣ አጎቴ፣ ስህተት አለበት፣ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ አልኩት። ላፕቶፑ ያንቺ ነው አለኝ፤ ያቺን ሦስት ቀን ከነካሻት ግን መልሼ እወስደዋለሁ።